የሐይቅ ዳርቻ ፎቶ ቀን፣ ቦታና መለኪያ ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በምታወጧቸው ዘገባዎች ላይ የሚታተሙት ፎቶዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። በቀትር ፀሐይ የተነጣ ሜዳ፣ በሩቁ ቀጭን የውሃ መስመር፣ ከሥሩም «በመድረቅ ላይ ያለው አብያታ ሐይቅ» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ። ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሣ አይታወቅም፣ ፎቶ አንሺው የት እንደቆመ አይታወቅም፣ ፊት ለፊት የሚታየው ስንጥቅ የእጅ መዳፍ ያህል ይሁን የበሬ ቆዳ ያህል አይለይም። አንባቢው ያዝናል፤ ነገር ግን የሚይዘው ማስረጃ የለም። ጉዳዩ ስለሚያንገበግበን ነው ይህን የምንጽፈው። ሐይቁ የደረሰበትን ዳርቻው ላይ አንድ በአንድ አስፍሮታል፤ ያንን በካሜራ ማንሣት ደግሞ ውድ መሣሪያ ሳይሆን ሥርዓት ነው የሚፈልገው።

አብያታ ጥልቀት የሌለው፣ መውጫም የሌለው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ፣ ከሰማይም በዝናብ ውሃ ያገኛል፤ የሚያጣው በትነትና በሰው እጅ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ከፍታው ትንሽ ዝቅ ሲል ውሃው ሩቅ ይሸሻል። ለምሳሌ መሬቱ በየ500 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ የ2 ሳንቲ ሜትር ቅናሽ ውሃውን 10 ሜትር ያርቀዋል። ውሃው ሲሸሽ በየቆመበት ምልክት ይተዋል፦ የሞገድ ሽብሽብ፣ የፑሚስ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ) ድርድር፣ የጨው ቅርፊት፣ የተሰነጠቀ ጭቃ። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ያህል የሚጠልቅ፣ ዳሩም በብዙ ቦታ ገደላማ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ያው የ2 ሳንቲ ሜትር ለውጥ እዚያ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ረቂቅ ምልክት የሚፈልግ ሰው ቦታው አብያታ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ብርሃን። የእነዚህ ምልክቶች ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የሚታዩትም በጥላቸው ነው። 1 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ሽብሽብ ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ላይ ስትሆን 5.7 ሳንቲ ሜትር ጥላ ትጥላለች፤ ፀሐይ 60 ዲግሪ ላይ ስትደርስ ግን ጥላዋ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቀትር ላይ የተነሣ ፎቶ ዳርቻውን ሜዳ የሚያስመስለው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ፀሐይ በእነዚህ ሐይቆች ላይ እኩለ ቀን አናት ላይ ስለምትውል ጥላ የሚባል ነገር አይኖርም። በሌላ በኩል ፀሐይ ገና ብቅ እንዳለች ማንሣትም አይበጅም፤ 5 ዲግሪ ላይ ጥላው ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ቀጥሎ ያለውን ሽብሽብ ይሸፍነዋል። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ትደርሳለች። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ አጭር ነው፦ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ጀምሮ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በአብዛኛው ወር ከጠዋቱ 1:00 እስከ 2:00 ሰዓት ገደማ። ማታም ያው ብርሃን ይገኛል፤ ሆኖም ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አቧራ ያለብሳል፣ የውሃውን ጠርዝም ያናውጣል። ምርጫ ካለ ጠዋት ይሻላል።

ጊዜውን ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ብርሃኑ ሽብሽቡን ማቋረጥ አለበት። የሽብሽቡ ጀርባ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስለምትመታው እያንዳንዱ መስመር ጎልቶ ይወጣል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ከሆነ ግን ብርሃኑ በመስመሮቹ መካከል ያልፋል፤ የቱንም ያህል ጠዋት ቢመጡ ጥላ የለም። መፍትሔው ከካሜራው የተለየ ፍላሽ ነው። ጃንጥላ ዘርግቶ መሬቱን ከፀሐይ መከለል፣ ፍላሹን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ከጎን መያዝ፣ ከዚያ ማንሣት። ፍላሽ ከሌለ ጠንካራ የእጅ ባትሪም በጃንጥላው ጥላ ውስጥ ይሠራል፤ ካሜራው ግን ትራይፖድ ላይ መሆን አለበት። በካሜራው አናት ላይ ያለ ፍላሽ ከፊት ለፊት ስለሚያበራ ጥላውን ሁሉ ያጠፋል፤ ባይበራ ይሻላል።

በስልክ የሚያነሣ ሰው ሁለት ነገር ያስተካክል። አንደኛ ኤችዲአር የሚባለውን ማጥፋት፤ ይህ አሠራር ጨለማውን እያነጣ ብርሃኑን እያጠቆረ ስለሚያመጣጥን የደከምንበትን ጥላ ያጠፋዋል። ሁለተኛ በ0.5 የሚጠራውን ሰፊ ሌንስ ለቅርብ ፎቶ አለመጠቀም፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ስለሚለጥጥ ልኬት ያፋልሳል። በካሜራ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ወይም 200 ይበቃል። ከኤፍ 16 ማለፍ ምስሉን ያለሰልሰዋል።

አንባቢ ሁሉ እንዲያውቀው የምንፈልገው አንድ ልዩነት አለ፦ በውሃ የተሠራ ሽብሽብና በነፋስ የተሠራ ሽብሽብ አንድ አይደሉም። በጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚል ሞገድ የሠራው ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው፤ ጀርባው ሹል፣ ጎድጓዳው ክብ፤ መስመሮቹም አልፎ አልፎ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላሉ። በነፋስ የተሠራው ዝቅ ያለ ነው፤ ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ረጅምና ለዘብ ያለ፣ የሚሄድበት ጎን አጭርና ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ሻካራ የአሸዋ ፍሬ ይሰበሰባል። ለማረጋገጥ በሁለት ጀርባዎች መካከል ያለውን ርቀት ለከፍታው ማካፈል ነው። ርቀቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 0.8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 7.5 ይሆናል፤ ይህ የሞገድ ነው። ውጤቱ ከ15 በላይ ከሆነ ነፋስን መጠርጠር ይገባል። ይህ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ የሞገድ ሽብሽብ የታየበት ቦታ ውሃ ነበረበት፤ የነፋስ ሽብሽብ ግን ውሃ በጭራሽ ባልደረሰበት ሜዳም ይሠራል። «ውሃው እዚህ ድረስ ነበር» ተብሎ የነፋስ ሽብሽብ ከታተመ ጋዜጣው አንባቢውን አሳሳተ ማለት ነው።

ከሁሉ የምንወደው ምልክት ፑሚስ ነው። ብሎኬት አምራቾች የሚያውቁት ያ ቀላል ድንጋይ በአካባቢው ከነበሩ እሳተ ገሞራዎች የተተፋ ነው፤ ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ነፋስ ወደ አንድ ዳር ይነዳዋል፣ ሞገድ ጠርዙ ላይ ይደረድረዋል፣ ውሃው ሲሸሽ ድርድሩ እዚያው ይቀራል። ውሃው ትንሽ ቆየት ባለ ቁጥር ሌላ ድርድር ይጨመራል። እዚህ ዳርቻ ላይ አንዱ ድርድር ከሌላው ጀርባ እየሆነ ይታያል፤ ለውሃው የቀረበው ንጹሕና ነጣ ያለ፣ ራቅ ያለው አቧራ የለበሰ፣ ከዚያም የራቀው ሣር የበቀለበት። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ፊት ለፊት ቆሞ ላነሣ ሰው ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆንበታል። እዚህ ላይ ረጅም ሌንስ ይጠቅማል። 200 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ከዳርቻው ጋር ትይዩ መቆም፣ ካሜራውን ወደ ጉልበት ከፍታ ማውረድ፣ በድርድሮቹ ርዝመት አቅጣጫ ማየት። ርቀቱ ስለሚታፈግ ትናንሾቹ እርከኖች ደረጃ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ድርድር አንድ የቅርብ ፎቶ ከመለኪያ ጋር ይያዝ፤ የፍሬዎቹ መጠን ከድርድር ድርድር ይለያያልና።

ጨውና ጭቃ ላይ ካሜራ ይታለላል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ስለሚጎትተው የሶዳው ቅርፊት አመድ ይመስላል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ (የብርሃን እርከን) መጨመር፣ ከዚያ የሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየው ሥዕል) ቀኝ ጫፍ እንዳልተቆረጠ ማየት ያስፈልጋል፤ በስልክ ከሆነ ነጩን ነክቶ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ላይ መሳብ ነው። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ በሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ) ፋይል ማንሣት የጨውን ዝርዝር ያድናል። ፖላራይዘር ፊልተር በእርጥብ ጭቃ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ግን ቀጭኑ የውሃ ልባስ የት እንደሚያበቃ የሚያሳየው ራሱ ነጸብራቁ ስለሆነ አንዱን በፊልተር፣ አንዱን ያለ ፊልተር ማንሣት ይገባል። የጨው ቅርፊት ከሥር የሚወጣው እርጥበት ሲተን የሚያብብ ነው፤ አንድ ዶፍ ዝናብ ያሟሟዋል። ስለዚህ ለጨው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል።

የተሰነጠቀ ጭቃ ከላይ ቀጥ ተብሎ ነው የሚነሣው፤ የካሜራው ጀርባ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ። ጎንበስ ብሎ በሰያፍ የተነሣ ስንጥቅ ያማረ ሊሆን ይችላል፣ ሊለካ ግን አይችልም። እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ መመልከት ያስፈልጋል፤ የቅደም ተከተሉ ታሪክ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ አለና። የዝናብ ጠብታ የሠራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች በስንጥቁ ለሁለት ከተቆረጡ ዝናቡ ቀድሟል፣ ስንጥቁ ተከትሏል። የላም ኮቴ ስንጥቁን ረግጦ ከደፈነው ላሟ የመጣችው ጭቃው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ ስንጥቁ ከኮቴው ተነሥቶ ዙሪያውን ከተሠራጨ ግን ላሟ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ አልፋለች። የስንጥቁ ሰሌዳዎች ጠርዛቸው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ከሆነ የላይኛው ቀጭን ልባስ ከታችኛው ፈጥኖ ደርቋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንድ ጥሩ የቅርብ ፎቶ ሊያሳይ ይችላል።

መለኪያ የሌለው የቅርብ ፎቶ ለማስረጃነት አይበቃም። እስክሪብቶ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የእጅ ጣት ልካቸው ስለማይታወቅ አይረዱም። የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ወይም በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የ20 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በቂ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ብርሃን ስለሚመልስ ደብዘዝ ያለው ይሻላል። መለኪያው ምልክቱ ላይ ሳይሆን ከፎቶው ጠርዝ አጠገብ፣ ከምልክቱ ጋር በአንድ ከፍታ ይቀመጥ፤ አንዱ ጫፍ ሰሜንን ቢያመለክት ነፋሱና ሞገዱ ከየት እንደመጡ ማንም ሊያነብ ይችላል። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ፎቶ፦ አድማሱን ያካተተ ሰፊ፣ ሁለትና ሦስት ሜትር የሚያሳይ መካከለኛ፣ ከዚያም የቅርቡ። ሰፊው ከሌለ የቅርቡ የት እንደተነሣ ማንም አያምንም።

አረማመድም የሥራው አካል ነው። መጀመሪያ ማንሣት፣ ከዚያ መራመድ፤ ፎቶ አንሺው ራሱ የረገጠው ዳርቻ ምልክት አይሆንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጩ ቅርፊት ደረቅ መስሎ ከሥሩ የሚያሰጥም ጭቃ ሊኖረው ይችላል። በዘንግ ሳይወጉ መራመድ አይገባም፤ ዘንጉ ከአንድ ስንዝር በላይ በቀላሉ ከገባ መመለስ ነው። መኪና ወደ ቅርፊቱ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። በሻላ ዳር ባሉት ፍል ውሃዎች ዙሪያ ደግሞ ከቀጭን ቅርፊት ሥር የሚፈላ ውሃ አለ። ፍላሚንጎዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው በአንድነት መራመድ ከጀመሩ ቀርበናል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ሶዳው መሣሪያም ይበላል፤ በተለይ የአሉሚኒየም ትራይፖድ እግር በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ይቦረቦራል። ሌንስን በጨርቅ ከመወልወል በፊት አቧራውን በመንፊያ ማስወገድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የሶዳው ፍሬ መስታወቱን ይጭረዋል። ነፋስ ባለበት ሌንስ መቀየር አይመከርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «በፊትና አሁን» እየተባሉ ጎን ለጎን የሚታተሙ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱት ወራቸው ስለማይገጥም ነው። የሐይቁ ውሃ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ከፍ ይላል፤ በበጋው እየቀነሰ ሄዶ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ይላል። የጥቅምት ፎቶ ከግንቦት ፎቶ ጋር ቢነጻጸር ምንም ችግር የሌለበት ሐይቅ እንኳ የሞተ ይመስላል። ንጽጽር ከተፈለገ ያው ወር፣ ያው ቦታ፣ ያው የካሜራ ከፍታ፣ ያው ሌንስ መሆን አለበት። ቦታውን ለማስታወስ ድንጋይ መቀባት በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይገባም፤ አያስፈልግምም። የስልክ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ በዓይን ማስተካከል ይቻላል። በአብያታና በሻላ መካከል ያለው የፊቄ ተራራ ለዚህ የተመቸ ነው፦ የተራራውን ጫፍ ከፊቱ ካለ አንድ ቋሚ አለት ጋር ማገጣጠም፣ የቀድሞውን ፎቶ በስልክ ይዞ ሁለቱ እስኪገጥሙ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መንቀሳቀስ። ካሜራው 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። የሚነሣውም ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋው፣ ለጥ ባለ ዳርቻ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ ጠርዙ ብዙ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

ቀኑ ሲጻፍ የዘመን አቆጣጠሩ ይገለጽ። ስልኩ በፋይሉ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎት፣ ላኪው በእኛ አቆጣጠር ጽፎት፣ አዘጋጁ ሳያገናዝብ ቢያወጣው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ 7:15 ብሎ የመዘገበው ከጠዋቱ 1:15 እንጂ ከቀኑ 7:15 አይደለም፤ ጥላውን አይቶ የሚያመሳክር ባለሙያ ግራ ይጋባል። በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ በተራው መንገድ ከተላከ ይጨመቃል፣ የተነሣበት ቀንና ቦታም ይጠፋል፤ «ፋይል» ብሎ መላክ ሁሉንም ያድናል። ለጋዜጣ ወረቀት በኢንች 200 ነጥብ ስለሚበቃ 2,000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይታተማል፤ ጥላው ግን በወረቀቱ ላይ ስለሚጠቁር ከማተም በፊት ትንሽ ማንጣት ያስፈልጋል። ከዚህ ያለፈ ማሳመር፣ ቀለም ማጉላት፣ ስንጥቅ ማጥቆር ፎቶውን ከማስረጃነት ያወጣዋል።

ስለ ሌሎቹ ሐይቆች በአጭሩ። በመተሐራ ያለው በሰቃ የአብያታ ተቃራኒ ነው፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። እዚያ የሚፈለገው ምልክት በውሃ ውስጥ የቀሩ የደረቁ ዛፎችና በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ የቀረው ነጭ የጨው መስመር ነው። ሐረማያ ደግሞ ከደረቀ በኋላ ውሃው ተመልሷል፤ ቀን የሌለው የደረቀ ሐረማያ ፎቶ ዛሬ ቢታተም ውሸት ይሆናል። ወደ አብያታ ስንመለስ፣ ከጊዜ ብዛት የቀሩ ዳርቻዎችም አሉ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ውሃው እስከ 1,670 ሜትር ከፍታ ደርሶ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ይህ ከዛሬው አብያታ 90 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በቡልቡላ ወንዝ ገደል ላይ የሚታየው ነጭ ንብርብር የዚያ ሐይቅ ወለል ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሐይቁ በተፈጥሮም ከፍ ዝቅ እንደሚል ይረዳል፤ በአሥርት ዓመታት ውስጥ የሆነውን መሸሽ ግን ለመስኖ ከሚወሰደው ውሃና ከሐይቁ ከሚወጣው የሶዳ አሽ (ለፋብሪካ የሚውል የሶዳ ጨው) ምርት ለይቶ ማየት እንደማይቻልም ይረዳል። ፎቶ ብቻውን ጥፋተኛውን አይጠቁምም። ውሃው የት ነበር፣ መቼ ለቀቀ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚለውን ግን በትክክል ከተነሣ ያለ ጥርጥር ያሳያል።

ስለዚህ ጋዜጣው ከእንግዲህ የሐይቅ ዳርቻ ፎቶ ሲያወጣ ከሥሩ ቀኑን ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ሰዓቱን፣ ፎቶ አንሺው የቆመበትንና የሚያይበትን አቅጣጫ እንዲጽፍ፣ የቅርብ ፎቶም መለኪያ ከሌለው እንዳይቀበል እንጠይቃለን። በየዓመቱ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ከአንድ ቋሚ ቦታ የተነሣ አንድ የአብያታ ፎቶ፣ ካለፈው ዓመት ፎቶ ጎን፣ በአንድ መጠን ቢታተም ደግሞ ለተመራማሪውም ለገበሬውም የሚጠቅም መዝገብ ይሆናል። ቦታ ለመምረጥና የመጀመሪያውን ፎቶ ለማንሣት ከጋዜጣው ባልደረባ ጋር ያለ ክፍያ ለመሄድ ፈቃደኞች ነን፤ የፓርኩን የመግቢያ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅና ጠዋት 12:00 ሰዓት ዳርቻው ላይ መገኘት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከአክብሮት ጋር
የፎቶግራፍና የሥነ ምድር ባለሙያዎች፣ ከባቱ